ጥርስ የነቀልኩበት

«ጥርሴን ነቅዬበት» ይላል ሰው ሲያወራ፣
ስላረጀበት ቤት፣ ስለኖረው ሥራ።
እኔ ያየሁት ግን ሲነቀል የሌላ፤
ሃያ ሁለት ዓመት፣ መምጠጫ ይዤ፣ ጥጥ ይዤ፣ ከወንበሩ ኋላ።

ዱሉት፣ ዳገቱ ላይ፣ ጎማ ቤቱን ይዞ፣
ስድስት ወንበር ነበረን፤ ስድስት አፍ ደንዝዞ
ዶክተር ኤርስታድን ይጠብቃል።
እሱ ይሮጣል፤ ጓንት ያወልቃል፣ ጓንት ያጠልቃል፤
ለአንዱ ስምንት ደቂቃ፣ ለሌላው ስድስት።
ስሙን ከካርዱ ላይ አንብቦ «አንተ ነህ?» ሲል
ሰውየው አፉ ጥጥ ሞልቶታል፤ «ነኝ» በምን አፉ ይበል?

ስልኩ ይጮሃል፤ ኢንሹራንስ ነው፤
«ለዘውድ አንከፍልም፣ የምንከፍለው ለሙሌት ነው።»
አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ያሰሙኛል፤
የሊንዲ ልጅ ጉንጭ ፊት ለፊቴ ያብጣል።

እውነቱ ይነገር፦ በዚያ ጥድፊያ መሃል ስንጥቅ አልፎን ያውቃል።
ቨርሊን፣ የማዕድን መርከብ ወጥ ሠሪ የነበረ፣
ግራ መንጋጋው ላይ ፀጉር የምታህል መስመር ነበረችው፤
ኤርስታድ «ደህና ነው» ብሎ ተሻገረ።
በመጋቢት፣ ለውዝ ሲሰብር፣ ለሁለት ተከፈለ፤
ተነቀለ።
አልከሰሰንም፣ አልተቆጣም። ጥርስ የማያስከድን ሰው ነበር፤
ያን ቀን ግን ሲቀልድ አፉን በእጁ ሸፈነ፣
እስካሁንም እንደዚያው፣ እንደ አዲስ ሙሽራ ሲያፍር።

ዶክተሩ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ።
«ድካም ነው» አሉት፤ ሲተኛ ይተወዋል፣
ወንበሮቹ ጋ ሲደርስ ይመለሳል።
አንድ ማታ መብራት ስናጠፋ፣
«ኦድራ» አለኝ፣ «ሰው ማከም ካቆምኩ ሰነበተ፤
ጥርስ ነው የምቆጥረው፣ እንደ ፈረስ ነጋዴ።»

ደብዳቤ ላክን። ያጠፍኩት እኔ፣ ፖስታውን የላስኩት እኔ፣
ሁለት ሺህ አራት መቶ፣ ምላሴ እስኪቆስል፦
ከጥር ጀምሮ የዓመቱን አስቀድሞ የሚከፍል
አባል ይሆናል፤ ኢንሹራንስ አንቀበልም፤
የዶክተሩ የእጅ ስልክ ሌት ተቀን የእርስዎ ነው።
ሁለት መቶ ሰባት ሰው መለሰ።

አሁን ወንበሩ አንድ ነው፣ ከሐይቁ ፊት ለፊት፤
ብርድ ልብሱ የሞቀ፣ ሰዓት የሌለው ቤት።
ለአንድ አፍ ሰዓት ተኩል፤ መጀመሪያ ግን ወሬ፤
«እንቅልፉ እንዴት ሆነ? ውሻው ዳነ ዛሬ?»
ፀጉር የምታህል መስመር አታመልጠንም።
አንዲት ባልቴት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ደወለች፤
በፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቦ ሄደ።
እጁ አይንቀጠቀጥም።
ልዋሽ? ደስ ይለኛል። ወገቤም ተሻለው።

ሊንዲ ግን ሦስት ልጆቿን ጭና
እስከ ክሎኬይ ትነዳለች ይባላል፤ ወረፋው እስከ ሰኔ።
አልጠየቅሁም። ምን ልበል ጠይቄ፣ እኔ?

ሐሙስ ዕለት፣ ኅዳር ሲገባ፣ ቨርሊን በሩን ገፋ፤
እንደ ዓመቱ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በጭስ ያደረቀው ዓሣ።
ወንበር አልጠየቀም። ዋጋ አልጠየቀም።
«ለሱ ነው። አለ?»
አለ። ከበሩ ማዶ አንድ ሰው ላይ ጎንበስ ብሎ፣
ሰዓት ተኩሉን ገና አላጋመሰም።
ማንኳኳት እችል ነበር።
እጄ እስከ በሩ ሄደ፣ ተመለሰ።
በአሮጌው ቤት በር አልነበረም፣ መጋረጃ ነበር፤
አንገቱን አውጥቶ፣ ከስድስቱ ደቂቃ ላይ ቆርሶ፣
«ቨርኖን! ያ ግራው እንዴት ነው?» ይለዋል፣ ስሙን ስቶ።

ቨርሊን አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ፣ ምንም ሳላስቀው።
«ቤቱ ያምራል» አለ። «ጸጥ ይላል።»
ወጣ።

ማታ ዓሣውን እኔና ዶክተሩ ተካፈልን።
«ማን አመጣው?» አላለም፤
የገመዱ ቋጠሮ የመርከብ ቋጠሮ ነው፣ አወቀው፤
ሳይፈታው ብዙ ቆየ።
በላን፣ በሙሉ ጥርሳችን።
ምላሴ ግን፣ አጥንት የወጋው ይመስል፣
ወደ ግራ መንጋጋዬ እየሄደ
ያልጎደለ ቦታ ይዳስሳል።